ለፈንታ የተሸከሙት ድንጋይ

ፀደንያ አባቷን የምትቀበልበት ቃል አንድ ብቻ ነው። ሮጣ ትመጣለች፣ ጉልበቱን ታቅፋለች፣ ከዚያ ሽቅብ እያየችው «መቼ ትሄዳለህ?» ትለዋለች። እንዴት ነህ የለም፣ ምን አመጣህልኝ የለም። እናቷ እስከዳር መጀመሪያ መጀመሪያ ትቆጣት ነበር፤ በኋላ ተወችው። ልጅ የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው። ፀደንያ ደግሞ አባት ማለት የሚሄድ ሰው መሆኑን ነው የምታውቀው።

አባቷ ፈንታ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የሚሠራው ጓሳ ከሚባለው የሣር ሜዳ አፋፍ ሥር፣ ጅብራ ሜዳ በምትባል የገጠር ቀበሌ ነው። እስከዳር በወረዳው ከተማ መምህርት ናት። በመካከላቸው በእግር የሚወረድ ገደል አለ፣ በፈረስ የሚታለፍ ሜዳ አለ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ዕድል የአይሱዙ ጀርባ አለ። ክረምት ሲገባ እሱም የለም፤ ጉሙ ብቻ ነው እንደልቡ የሚወጣ የሚወርደው።

ፈንታ ጅብራ ሜዳ ሲመደብ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። «በረሃ አይደለም፣ ብርድ ብቻ ነው። ትንሽ ሠርተህ ወደ ከተማ ትገባለህ» አሉት። ትንሽ የሚባለው ነገር ስንት እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። እስከዳርን ያገባትም በዚያች «ትንሽ» ተማምኖ ነው። «እስከዚያ አንቺ ከተማ ቆዪ፣ እኔ እወርዳለሁ» አላት። አሁን ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበቱ እንደ ጥቅምት ውርጭ ጣል ጣል ብሏል፤ እሷ አሁንም ከተማ ናት፣ እሱም አሁንም ሊወርድ ነው።

የመንግሥት ሥራ መሰላል ነው ይባላል፤ እርከን እርከን አለው። ፈንታ ግን መሰላሉን ሲወጣ ሳይሆን መሰላሉ ከሥሩ ሲለዋወጥ ነው የኖረው። ለእድገት ዲፕሎማ በቂ አይደለም ሲባል በየክረምቱ እየተማረ ዲግሪ ያዘ። ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ መዋቅሩ ተለወጠ። አዲሱ መዋቅር ሲጸድቅ በጀቱ ተዘጋ። በጀቱ ሲከፈት ምዘናው እንደገና ይሠራ ተባለ። ደመወዙም የእርከኑን ጣሪያ ነክቶ፣ ዝናብ እንደፈራ በግ፣ እዚያው ጣሪያው ሥር ቆሞ ቀረ። በዚህ መካከል ጤፉ ጨመረ፣ የቤት ኪራዩ ጨመረ፣ ልጅቷ ቁመት ጨመረች።

ከእሱ ጋር የሚሠራው የሰብል ልማት ሠራተኛ አንዷለም ቀልደኛ ነው። «የኛ እድገት ድንች ነው» ይላል። «ከመሬት በታች ነው የሚያድገው። አይታይም እንጂ አለ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚቆፈረው?» ይለዋል ፈንታ።

«ጡረታ ስትወጣ። ያን ጊዜ ደግሞ በስብሶ ታገኘዋለህ።»

ፈንታ የተከራየው ክፍል የእትዬ ወለተኪዳን ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ወለተኪዳን ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው ለሥራ የተበተኑባቸው፣ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ባና የሚሉትን ብርድ ልብስ የሚያሠሩ አሮጊት ናቸው። እንዝርታቸው ስትዞር አፋቸውም አብሮ ይዞራል፤ ግጥም እንደ ፀጉሩ ከእጃቸው ይወጣል።

ፀጉሩን ፈተልኩት አቅጥኜ እንደ ነፍስ፣
ማን ይቀረኝ ይሆን ባናው እስኪደርስ።

ይህን ሲሉ ፈንታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መርፌውን እየቀቀለ ይሰማል። አንድ ቀን እንዝርቷን አቁመው አዩትና፣

«ፈንትዬ፣» አሉት፤ «ጓሳ እንኳ ተዘግቶ አይቀርም። ሣሩ ይደግ ብለን እንዘጋዋለን፣ ሽማግሌ ቀን ይቆርጥለታል፣ ሲደርስ ተከፍቶ ሁሉም በእኩል ያጭዳል። የአንተን ነገር የዘጋው ማን ነው? የሚከፍተውስ?»

«እኔም አላወቅሁትም፣ እትዬ።»

«የማይታወቅ ዘጊ አያድርስ» አሉና እንዝርታቸውን መለሱ።

ባለፈው ዓመት፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ክፍት የሥራ መደብ ወጣ። የእንስሳት ጤና ቡድን መሪ። ቦታው ከተማ ነው፤ ደመወዙ ከፈንታ ጣሪያ በላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ከእስከዳር ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ፈንታ ተወዳደረ። የአገልግሎት ዘመኑ ተቆጠረ፣ የሥራ አፈጻጸሙ ታየ፣ ቃለ መጠይቁን ተቀመጠ። ውጤቱ ሲመጣ አንደኛ እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ባስልዮስ የሚባል፣ እዚያው ጽሕፈት ቤት በተጠባባቂነት ወንበሩን ሲያሞቅ የቆየ ሰው አለ። የቀረው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነበር።

ስልክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ነው። ፈንታ እየሮጠ ወጣ። ዘወትር ኔትወርክ እስኪመጣ ድረስ ለራሱ የሚያንጎራጉራት አለችው፤

ከአፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባይ ከተማ፣
ጉም ይመላለሳል ሰው አይታይበትማ።

ያን ቀን ግን አላንጎራጎረም። «እስኩ፣» አላት፤ «ልወርድ ነው።»

«ስንት ቀን ልትቆይ?» አለችው።

«ልቆይ አይደለም። ልኖር ነው።»

ከወዲያ በኩል የሰማው የነፋስ ድምፅ ይሁን የእሷ ትንፋሽ አልለየውም። በማግስቱ እስከዳር ሁለት ክፍል ያለው ቤት ስታፈላልግ ዋለች። ለፀደንያም «አባባ ከእኛ ጋር ሊያድር ነው፤ ሁልጊዜ» አለቻት። ልጅቷ አሰበች አሰበችና፣ «ማን ነው ታዲያ የሚሄደው?» አለች።

ፈንታ ነገሩን ለጅብራ ሜዳ ሰው አላወራም። ምክንያት ነበረው። ዲግሪውን ያገኘ ጊዜ አገሩ ሁሉ «እድገት አገኘ» ብሎ በግ አርዶ መርቆት፣ እድገቱ ሳይመጣ በመቅረቱ ሐፍረቱ ዓመት ሙሉ ተከትሎታል። ገበያ በወጣ ቁጥር «ዶክተር፣ ያ የበላንልህ በግ የት ደረሰ?» ይሉት ነበር። እናም አሁን ፊርማው እስኪያርፍ ድረስ አፉን ያዘ። የሚያውቀው አንዷለም ብቻ ነው፤ እሱንም በማርያም አስምሎታል።

አንዷለም መሐላውን አልበላም። ችግሩ የመጣው ግማሹን በመጠበቁ ነው። አረቄ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ በሞቅታ፣ «እንግዲህ ፈንታም ሊሄድብን ነው» አለ። ጠጪው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ከተማ።»

«ለምን?»

አንዷለም መሐላውን አስታወሰ። «እሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው» አለና መለኪያውን አነሳ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ መልስ ለጅብራ ሜዳ ሰው የለም። ከዚያ በፊት ማዕረግ የሚባል ደግ መምህር ነበራቸው። አንድ ነገረኛ ከሶት «የመንግሥት ጉዳይ ነው» ተብሎ ተነስቶ ሄደ፤ ልጆቻቸው በእሱ ቦታ አስተማሪ ሳያዩ ከረሙ። ሲሄድ ለሕዝቡ የተነገረው «ለተሻለ ሥራ ተፈልጎ ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ የሚወዱት ሰው ወደ ከተማ ከተጠራ ተከሷል ማለት ነው። ይህን በመከራ የተማሩት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የደነገጡት አያ ገብረየሱስ ናቸው። አያ ገብረየሱስ ትልቅ ሰው፣ የደብሩ ሽማግሌ፣ ብዙ በግ ያላቸው ናቸው። ቀደም ሲል ረግረግ ላይ አውለዋቸው በጉበት ትል የሞቱባቸውን በጎች «የፈንታ መርፌ ገደላቸው» ብለው፣ ራቤል በሚባለው ገበያ መካከል፣ የወረዳ ሰዎች እየሰሙ፣ «ባላስነሳህ እኔ ገብረየሱስ አይደለሁም!» ሲሉ ጮኸውበት ነበር። በኋላ ነገሩ ገብቷቸው ታርቀዋል፤ አብረው ጠላ ጠጥተዋል። ያቺ ጩኸት ግን አሁን ተመልሳ መጣችባቸው።

«የኔ አፍ ነው» አሉ። «የኔ አፍ ነው ሰውየውን ያስበላው። የተናገርኩት ገበያ ላይ አልቀረም፤ ወረዳ ገብቷል።»

በዚያ አገር ሰው ለበደለው ነገር ምሕረት ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቆማል። የተለመነው ሰው «ይጣሉት» እስኪል ድረስ አያወርድም። ደግሞም ልመናው ለሚለመንለት ሰው አይነገርም፤ ካወቀ የላከው ይመስላል፣ የላከው ከመሰለ ደግሞ ልመናው ይረክሳል። ስለዚህ አያ ገብረየሱስ ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ ፈንታ ከጓሳ ማዶ በግ ሊከትብ የሄደበትን ቀን ጠብቀው፣ በፈረስ ወደ ከተማ ወረዱ። ጽሕፈት ቤቱ ሊደርሱ ሲሉ ከመንገድ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ መርጠው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጫንቃቸው ላይ አደረጉና ድንጋዩን በላዩ ጫኑ።

ያን ቀን ፈንታ ሲመለስ መሽቶ ነበር፤ ከመንደሩ በታች እልልታ ሰማ። ሠርግ መሰለው። ቀረብ ሲል ፈረሶቹን አየ፤ ሰው ክብ ሠርቶ ይጨፍራል፤ እትዬ ወለተኪዳን በዚያ ጉልበታቸው እያጨበጨቡ ያወጣሉ፤

ጫንቃችን ይመስክር ድንጋዩን ሲያወርድ፣
ሐኪምሽን በጊቱ አስቀረነው በግድ።

አያ ገብረየሱስ ከክቡ ወጥተው አንገቱን አቀፉት። «ልጄ ፈንታ! አስምረንሃል! ከእንግዲህ ማንም አይነካህ!»

«ከምን ነው ያስማራችሁኝ፣ አያ?»

«ከመነሳት! ከተማ ሊወስዱህ አልነበር? ኃላፊው ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ‹ይጣሉት አባቴ፣ ፈንታ የእናንተ ነው› አለኝ። በዚህ አፌ አጠፋሁ፣ በዚህ ጫንቃዬ ካስኩ።»

ፈንታ የክትባት ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንዷለም ከሰዉ ኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሁሉም የፈንታን ፊት ያያል፤ ደስታውን ሊያዩ ነው። ምን ይበላቸው? ያረጀ ሰው ድንጋይ ተሸክሞለታል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገለት ማንም የለም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ድምፁ ሲሰበር ከደስታ ነው ብለው እልልታውን ደገሙት።

በማግስቱ ወረዳ ወረደ። ኃላፊው አቶ ትዕዛዙ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከሙ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያረፈ አቧራ እንኳ የሚነሳበትን መመሪያ የሚጠብቅ ይመስላል።

«ቁጭ በል፣ ፈንታ። ሻይ ይምጣልህ?»

«ሻይ አልፈልግም። እድገቱ ውድድር አልነበረም ወይ? ነጥቡ የኔ አልነበረም?»

«ነበር። ግን እስቲ በኔ ቦታ ሁን። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ቆመ፤ ከተማው ሁሉ ያያል። እኔ በዚህ ወንበር ስቀመጥ ሰው ለአንድ ሠራተኛ ድንጋይ ሲሸከም አላየሁም። እኔ ልነሳ ነው ቢባል ድንጋይ የሚያነሳ አይጠፋም፤ ግን ለመሸከም አይደለም።»

«ታዲያ እድገት መሆኑን አይነግሯቸውም ነበር?»

«ነገርኳቸው እንጂ! አያ ገብረየሱስ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ሲወስዱብን ሁልጊዜ ስሙን ያሳምሩታል። ለማዕረግም እንዲሁ ብላችሁን ነበር።› ምን ልመልስ? ኮሚቴው ‹የሕዝብ ቅሬታ ያስነሳል› ብሎ ለባስልዮስ ወሰነ።»

«ቅሬታ አይደለም፣ አቶ ትዕዛዙ። ፍቅር ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ለፍቅር የሚሆን ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይግባኝ ማለት ትችላለህ፣ መብትህ ነው። አሸንፈህም ትመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ሽማግሌው የለመኑትን አንተው ራስህ አፈረስክባቸው ማለት ነው። ትችላለህ?»

ፈንታ ተነሥቶ ሲወጣ ባስልዮስን ኮሪደሩ ላይ አገኘው። ባስልዮስ ሰላምታውን አስረዘመ፣ እጁን ሁለት ጊዜ ጨበጠው። ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ጥቁሩ ድንጋይ ተጋድሞ ነበር። ፈንታ ቆሞ አየው። ለአንድ ሽማግሌ ጫንቃ ትልቅ ነው።

ለእስከዳር ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «ድንጋይ? እውነትህን ነው ድንጋይ?» እያለች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እንባው መጥቶ ሳቁ ቆመ። ልትከራየው የያዘችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይግባኝ በል» አለችው።

«በአያ ገብረየሱስ ላይ?»

«ለበጎቹ ተሸከሙ» አለች ቁልፉን እያየች። «ለኔስ? ለኔ ማን ይሸከምልኝ?»

ፈንታ ተመልሶ ወጣ፤ ሥራው ይጠብቀዋል። ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ጣሪያውን ሲያይ እትዬ ወለተኪዳን ደጁን ገፍተው ገቡ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር ከፊቱ ሐዘኑን ያነበቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «በል ንገረኝ» አሉት፤ «ያ የደስታ ፊት አልነበረም።» ነገራቸው። ሰምተው ሲያበቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ወይኔ! ጨፈርኩበት እኮ!» አሉ። ለማንም እንዳይናገሩ ለመናቸው። እሺ አሉ፤ ነገር ግን ፈትል ሲፈትሉ ዝም ማለት አይችሉም። ነገሩ ከእንዝርቷ አፈትልኮ አያ ገብረየሱስ ዘንድ ደረሰ።

የሚቀጥለው እሑድ ፈንታ ከተማ ነበር። ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቁርስ ላይ ሳለ መንገዱ ላይ ልጆች ሲንጫጩ ተሰማ። አያ ገብረየሱስ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ በር ሄደው ያንኑ ጥቁር ድንጋይ አንሥተዋል፤ ዘበኛው «አያ፣ ረስተውት ነበር እንዴ?» ቢላቸው ጫንቃቸው ላይ አመቻችተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በከተማው መካከል፣ በሻይ ቤቶቹ ፊት አልፈው፣ እስከዳር ደጃፍ መጥተው ቆሙ። ብቻቸውን ናቸው።

ፈንታ ዘሎ ተነሣ። «አያ! ምነው! ያውርዱት—»

እስከዳር ክንዱን ያዘችው። «ተው፣ ፈንታ። ወደ አንተ አይደለም የመጡት።»

አያ ገብረየሱስ አንገታቸው በድንጋዩ ጎብጦ መሬት እያዩ ተናገሩ። «ልጄ፣ እኛ የበጎቻችንን ሐኪም ነው ያየነው። የሰው ባል መሆኑን፣ የልጅ አባት መሆኑን አላየንም። እድገት ነው ሲሉኝ አላመንኩም፤ ከዚያ ቤት እውነት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አስቀረሁብሽ። ስለ እመብርሃን ማሪኝ። ከፈለግሽም አሁኑኑ ተመልሼ ‹ውሰዱልን› ልበላቸው።»

«ወንበሩ ሰው ተቀምጦበታል፣ አያ» አለ ፈንታ።

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

ሁሉም እስከዳርን አዩ። ጎረቤቶች በየደጃቸው ቆመዋል። ባህሉ «ይጣሉት» ማለት ነው፤ ያውም በፍጥነት። እሷ ግን ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ ድንጋዩን ታያለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ነው ያለው፤ ለብዙ ዓመት ቅዳሜ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ድካም።

«ትንሽ ይቆዩበት» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ ብቻ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ። ይገባኛል።» እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዲት ሴት «ኧረ ስለ ፈጣሪ!» አለች። ፈንታ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። የሽማግሌው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ እስከዳር ቀረበች፤ «ይጣሉት» አላለችም። በሁለት እጇ ከጫንቃቸው ላይ ራሷ አወረደችው። ከበዳት። ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ትንሽ ቆማ ደጃፉ አጠገብ አስቀመጠችውና፣ «ይግቡ፣ ቁርስ አልቀረበም ገና» አለቻቸው። ቀርቦ ነበር። እንደገና አቀረበች።

ከሰዓት በኋላ ፈንታና አያ ገብረየሱስ አብረው ወጡ፤ መንገዱ አንድ ነው። ሲሰናበቱ አያ ገብረየሱስ ለፀደንያ ከጋቢያቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ሰጧት። ወደ አፋፉ ሲወጡ አንዴ ሽማግሌው ጫንቃቸውን እያሹ፣ «ሚስትህ ሚዛን ታውቃለች» አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ሌላ ቦታ ይከፈት ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

«ይከፈት ይሆናል፣ አያ።»

«ሲከፈት ንገረኝ። እኔ አልመጣም።»

ፈንታ ሳቀ። በብዙ ቀን የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ በጎቹ ይጠብቁት ነበር፤ ከተባቸው። ደመወዙ እዚያው ጣሪያው ሥር ነው። ባናው ደርሷል፤ እትዬ ወለተኪዳን «ለእስከዳር ውሰድላት፣ ብርድ አይግባባት» ብለው ሰጥተውታል።

ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ቀርቷል። እስከዳር አንድ ሁለቴ ልታስነሳው አስባ ተወችው፤ ፀደንያ ለምዳዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ትወጣበታለች። እዚያ ላይ ስትቆም የአይሱዙው አቧራ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይታያታል።